የዘሪው ስም

ዕድሜው ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት ከአራት ወር ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይነሣል፤ ፊቱን በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠባል፤ የትናንቱን ዳቦ በሻይ ያወራርዳል፤ የጫማውን ክር አስሮ፣ ፈትቶ፣ እንደገና ያስራል። አንድ ሰዓት ሲሆን ከቤቱ ይወጣል። የዱቄት ፋብሪካውን የግንብ አጥር ይዞ ይሄዳል፤ ከፋብሪካው በር ሲደርስ ዐይኑን ከመሬት ይተክላል፤ በሩን ካለፈ በኋላ ቀና ይላል። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ይደርሳል። እንዲህ ሲያደርግ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነው። ዐይኑን ከመሬት መትከሉ ብቻ ዐሥር ዓመቱ ነው።

ሥራው ማሳ መለካት ነው። መንግሥት የደከመውን አፈር ለማዳን ሲል፣ ማሳውን ሳያርስና ሳይዘራ ለተወሰኑ ዓመታት ለሚያሳርፍ ገበሬ በየዓመቱ ድጎማ ይከፍላል። ገበሬዎቹ በዚህ ነገር ሳይቀልዱ ያለፉበት ዓመት የለም። «ላለመሥራት የሚከፈል ከሆነማ የእኔ አማች እስከ ዛሬ ባለፎቅ ነበር» ይላል አንዱ፤ ሌላው «ዝም በል፣ ሰምተው እሱንም ይለኩታል» ብሎ ይመልስለታል። ሳቁ ግን ከከንፈር አያልፍም። ድጎማው የመጣው አፈሩ አልሰጥ ካለ በኋላ ነውና ስንቱ ቤት በዚያ ገንዘብ ያድራል። ማሳው በእርግጥ ማረፉን የሚያረጋግጠው ይህ ሰው ነው። በአንድ እጁ ቅጽ፣ በሌላው በየሜትሩ «ቀጭ» የሚል ባለአንድ ጎማ መለኪያ ይዞ ይመጣል። «ባዶ» ብሎ ከጻፈ ድጎማው ይቀጥላል። «የተዘራ» ብሎ ከጻፈ ግን ገበሬው ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ የተቀበለውን አንድ ሳያስቀር ይመልሳል። አብዛኛው የሚመልሰው መሬቱን ሸጦ ነው።

በቅጹ ግርጌ «የዘሪው ስም» የሚል መስመር አለ። በሰው ማሳ ገብቶ የዘራ ሰው ከተገኘ፣ ገንዘቡን የሚመልሰው ባለይዞታው ሳይሆን ዘሪው እንደሆነ መመሪያው ይደነግጋል። ይሁን እንጂ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ በዚያ መስመር ላይ ከባለይዞታው በቀር የሌላ ሰው ስም ሰፍሮ አያውቅም። ማን ብሎ በሰው መሬት ላይ ዘሩን ይበትናል?

ሰዉ የለኪውን ስም ከተወው ቆይቷል፤ «ጋሽ ሜትር» ነው የሚለው። የአባቱ መቃብር ሲቆፈር «በአራት ጣት ያንሳል» ብሎ ቆፋሪዎቹን መልሶ ጉድጓድ አስገብቷቸዋል ይባላል። ይህንን ሲጠይቁት አልካደም፤ «ያንስ ነበራ!» ነው ያለው። አንድ ገበሬ ዶሮ ታቅፎ ቢመጣ፣ ዶሮዋን «ቀይ፣ አንዲት፣ የተመለሰች» ብሎ በቅጹ ጀርባ መዝግቦ አስፈርሞ ሸኝቶታል። እንዲህ ያለውን ሰው ይፈሩታል፤ ያከብሩታልም። መፈራትና መከበር ለእሱ አንድ ልብስ ነበሩ፤ የትኛው ገበር፣ የትኛው ላይ እንደሆነ ገልብጦ አይቶ አያውቅም።

ሰኞ ጠዋት ገና ወንበሩ ላይ ሳይደላደል አዲሷ ለኪ ወደ ጠረጴዛው መጣች። ከተቀጠረች ሰባት ወሯ ነው፤ ሥራውን ያስተማራት እሱ ነው።

«ጋሼ፣ አንድ ያዝኩ!»

«ምን ያዝሽ? ጉንፋን?»

«ኧረ ይተዉ! በሚያርፍ ማሳ ላይ የዘራ ሰው ነዋ። ከመንገድ ላይ ሆኜ ነው ያየሁት፤ ከሞተሩም አልወረድኩ።»

«ለምን አልወረድሽም?»

«እርስዎ አይደሉ እንዴ ያሉኝ? ‹ከመንገድ አረንጓዴ ከታየሽ አልቋል፤ መውረድ ጫማ መጨረስ ነው› አላሉም?»

ብሎ ነበር። ለእያንዳንዱ አዲስ ለኪ በመጀመሪያው ሳምንት የሚነግረው ቀልድ ናት። ልጅቷ ግን ቀልዱን እንደ ትምህርት ይዛዋለች፤ ዐይኗ የሚያበራው እንደ ተሸላሚ ተማሪ ነው።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ከሌላ ወረዳ ተዛውሮ ከመጣ ዓመት ያልሞላው፣ ለኪው ሥራ ሲጀምር ዳዴ ይል የነበረ ወጣት ነው። ፋይሉን በሁለት እጁ አቀበለው። «ጋሼ፣ ፎቶው ከነሪፖርቱ ይኸው። ያለ እርስዎ ማረጋገጫ ግን አይሄድም። ቦታው ድረስ ወጥተው ይዩልኝና ዓርብ ከሰዓት በኋላ ይላክ።»

ለኪው የፋይሉን ሽፋን አነበበ። ከሁለት ዓመት በፊት የቀበረው የእህቱ ባል ስም ነበር።

«ባለይዞታው ሞተዋል» አለ ኃላፊው፤ «መሬቱ ያለው በባለቤታቸው እጅ ነው። ያውቋቸዋል?»

ለኪ የዘመዱን ማሳ አይፈርምም፤ ይህም መመሪያ ነው። በዚህ ምክንያት እስከ ዛሬ የእህቱን ማሳ የሚያዩት ሌሎች ነበሩ። አሁን «እህቴ ናት» ማለት ነበረበት፤ ሁለት ቃል ነው።

«አካባቢውን አውቀዋለሁ» አለ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ከአፉ የወጣ የመጀመሪያው ጎዶሎ መልስ ይህ ነበር።

ማክሰኞ ብቻውን ወጣ። ማሳው ከመንገዱ ላይ ሆነው ሲያዩት በእርግጥም በአንድ ጠርዙ አረንጓዴ ነበር። ሞተሩን አቁሞ ወረደ፤ መለኪያውን እየገፋ ገባ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። በስድስተኛው ቀጭታ ላይ ቆመ።

ቡቃያው ስንዴ ነው። ገና ከጣት ብዙም አይረዝምም፤ በዚህ ዕድሜው ስንዴን ከሣር የሚለየው ያደገበት ሰው ብቻ ነው። ለኪውን ያስቆመው ግን ስንዴነቱ አልነበረም። ዘሪ እየተራመደ ይበትናል፤ የበተነውም ወጥ ሆኖ ይበቅላል። ይህ በአንድ ጠርዙ ጥቅጥቅ ብሎ፣ ወደ ሌላው እየሳሳ የሄደ፣ የአንድ ክንድ ውርወራ ያህል ግማሽ ጨረቃ ነበር። አጠገቡ ሌላ ግማሽ ጨረቃ፤ ከዚያም ሌላ። ሦስት። ማንም ሰው በግማሽ ጨረቃ አይዘራም። ይህንን ቅርጽ የሚሠራው ባዶ ጆንያን ከታች በሁለት ማዕዘኑ ይዞ ከግራ ወደ ቀኝ የሚያራግፍ ሰው ክንድ ነው።

ክንዱ ከአእምሮው ቀድሞ አስታወሰ።

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ እሑድ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለችውን የእህቱን ትንሽ ማሳ አብረው ዘርተው ነበር። ያቺ ማሳ በድጎማው ውስጥ የለችም፤ መዝራት ይፈቀዳል። ሲጨርሱ እህቱ ቀድማ ወደ ቤት አቀናች፤ እሱ ጆንያውን አንሥቶ ተከተላት። በጆንያው ስፌት ውስጥ ቅሪት ነበር። መንገድ ላይ ቢያራግፈው ይረገጣል። አባታቸው ሲያርሱም፣ ሲዘሩም፣ ሲሞቱም አንድ ነገር ነበር የሚሉት፦ «ዘር መንገድ ላይ አይጣልም፤ አፈር ያለበትን ፈልግ።» በልጅነቱ ለዚህች ነገር ሁለት ጊዜ ተገርፎባታል። አፈር ያለበት ደግሞ ከመንገዱ በስተቀኝ፣ እያረፈ የነበረው ማሳ ነበር። ስድስት እርምጃ ገብቶ ሦስት ጊዜ አራገፈ። የሚያርፍ ማሳ ላይ አንዲት ፍሬ እንዳትወድቅ ሠላሳ አንድ ዓመት የጠበቀው ሰው፣ እጁ የአባቱን ሥራ ሲሠራ አላየውም። በዚያው ሳምንት ያልተጠበቀ ዝናብ ዘነበ።

«አንተ ሰውዬ፣ ሰላም ሳትለኝ መሬቴን ትለካለህ?»

እህቱ ናት። በሰባት ዓመት ትበልጠዋለች፤ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ከመንገዱ ዳር ቆማለች።

«እትዬ፣ ደህና ነሽ?»

«ደህና ነበርኩ። ያንን ጎማህን እስካይ ድረስ። ምን ተገኘብኝ?»

በእጁ አሳያት። ቀረብ ብላ ጎንበስ አለች፤ አንዷን ቡቃያ በሁለት ጣቷ ዳሰሰች።

«ሣር ነው» አለች።

«ስንዴ ነው፣ እትዬ።»

«ስንዴ መሆኑን እኔ አጣሁት? ሣር ነው በል እያልኩህ ነው።»

«ፎቶ ተነሥቷል።»

«ፎቶው ስንዴ ነኝ ብሎ ተናገረ? አንተ ሣር ነው ካልክ ማን ከአንተ በላይ ሊያውቅ ነው? ጋሽ ሜትር አይደለህ?»

ልክ ነበረች። ነገሩን አስፈሪ ያደረገው ይኸው ነበር። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው፤ ቃሉንም ማንም አይጠይቀውም።

«ማን እንዳራገፈው ታውቂያለሽ?» አላት።

«አይቼሃለሁኮ!» አለች፤ ድምፅዋ ለአፍታ ለሰለሰ። «ዞር ስል ጆንያውን በሁለት እጅህ ይዘህ ስታራግፍ አባባ ተነሥተው የመጡ መሰለኝ። እንባዬ መጣና ዝም አልኩ። ሞኝ ነኝ፤ ያኔ ነበር መጮህ።»

ከዚያ እጇን እንደገና ወገቧ ላይ አደረገች። «ስማኝ። የመጀመሪያው ዓመት ገንዘብ ሰውየውን አሳከመ። የሁለተኛው ቀበረው። የሦስተኛው ጣሪያ ሆነ። ጣሪያውን ነቅዬ ልመልስላቸው ወይስ እሱን ከመቃብር አውጥቼ? ከዚያች ከማዶዋ ቁራሽ በቀር ያለኝ ይህ መሬት ነው። ከታች ያለው ባለትራክተር ድሮ ‹መቼ ነው የሚሸጡት?› ነበር የሚለኝ፤ አሁን ‹ጤናዎ እንዴት ነው?› ማለት ጀምሯል።»

ለኪው ሳይፈልግ ፈገግ አለ። እሷ ግን አልሳቀችም።

«ለባዕድ ሠላሳ ዓመት ቀጥ ብለሃል» አለችው። «ለእኔ አንዴ ብትጎብጥ ወገብህ አይሰበርም።»

ሲመለስ ሞተሩን ቀስ ብሎ ነዳ። ግማሽ ጨረቃ የሚለውን ነገር ከዚህ በፊት ሰምቶታል። ከማን አፍ እንደሰማው ላለማስታወስ ቢታገልም አልሆነለትም።

ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት ነው። በዚያ ቀን አርባ ማሳ ማየት ነበረበት፤ ዝናቡም ያካፋ ነበር። በአንድ የሚያርፍ ማሳ ጠርዝ ላይ አረንጓዴ አየ፤ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ እግሩን ከመርገጫው ሳያነሣ «የተዘራ» ብሎ ጻፈ። ገበሬው እየሮጠ መጣ። «አልዘራሁም፤ ጆንያ ሳራግፍ የፈሰሰ ነው! ወርደህ እየው፤ ግማሽ ጨረቃ ነው የሠራው። ማን ነው በግማሽ ጨረቃ የሚዘራ? እባክህ ወርደህ እየው!» ለኪው ጫማውን አየ፤ ጭቃውን አየ። «ሁሉም ፈሰሰብኝ ነው የሚለው» ብሎ ነዳ። ገበሬው አቤት ቢል ለኪው በሪፖርቱ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጨመረ፦ «ዘሩ ፈሰሰ የሚል ምክንያት ተቀባይነት ሊኖረው አይገባም።» የበላይ አካል ዓረፍተ ነገሯን ወደዳት፤ በዚያው ዓመት መመሪያ ሆነች። ለኪው በመስታወት አስገብቶ ከጠረጴዛው በላይ ሰቅሏታል። እስከ ትናንት ሰኞ ድረስ አቧራዋን የሚጠርገው ራሱ ነበር።

ገበሬው መሬቱን ሸጦ ከፈለ። የገዛው የዱቄት ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው በማሳው ላይ ተሠራ፤ ገበሬውም ሌላ የሚያውቀው ቦታ ስላልነበረው ለዚያው ፋብሪካ ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ። ለኪው በየጠዋቱ ዐይኑን ከመሬት የሚተክለው በእሱ በር ላይ ነው። ሆኖም ዐሥር ዓመት ሙሉ ዐይኑን የሰበረው በሐዘን እንጂ በጥፋተኝነት አልነበረም፤ «ሕግ ነው፣ ምን ላድርግ» እያለ ነበር የሚያልፈው። ከማክሰኞ ጀምሮ ግን ያ ሰው እውነቱን እንደነገረው ያውቃል።

ረቡዕ ከሥራ ሲመለስ ሚስቱ በረንዳው ላይ በስፌት መኪናዋ የትምህርት ቤት ደንብ ልብስ ትሰፋ ነበር። ሁሉንም ነገራት። እሷ እግሯን ከመርገጫው ሳታነሣ ሰማችው።

«ታዲያ ምን ያብሰለስልሃል?» አለች ሲጨርስ። «ሣር ብለህ ጻፍ። ሣር ሁለት ፊደል ነው። ጡረታ ልትወጣ ስምንት ወር ነው የቀረህ፤ ስምንት ወር ዐይኑን የጨፈነ ሰው አይታወርም።»

«ዘበኛውስ?»

መኪናዋ ቆመች። «እሱን ለፈጣሪ ተወው።»

«ቅጹን ፈጣሪ አልፈረመም። እኔ ነኝ የፈረምኩት።»

«አሁን ፈርመህ ልትመልስለት ነው? ፋብሪካውን አፍርሰው ማሳ ያደርጉለታል?»

«አያደርጉለትም።»

«እንግዲያው ማንን ልትጠቅም?»

አንዱን የተሰፋ ልብስ አጣጥፎ አስቀመጠና «በዘሪው ስም ላይ የራሴን ብጽፍስ?» አላት።

ክር በጥርሷ በጠሰች። ገንዘቡን በልቧ ስታሰላ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየ። «ስድስት ዓመት ሙሉ ግማሽ ጡረታህ ይሄዳል» አለች። «የምሰፋበት ዐይን ስድስት ዓመት እንደሚቆይልኝ ማን ነገረህ? ለእህትህ መልካም ስም፣ ለአንተ ንጹሕ ኅሊና፣ ለእኔ መርፌ። አከፋፈልህ ጥሩ ነው፤ ለኪ መሆንህ ያስታውቃል።»

ሐሙስ ጠዋት እንደ ልማዱ በአጥሩ በኩል ሄደ። ከፋብሪካው በር ሲደርስ ዐይኑን ከመሬት አልተከለም፤ ቆመ። ዘበኛው በዱቄት የነጣ ኮት ለብሶ በአነስተኛ ቆርቆሮ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጧል። ለኪውን ሲያይ እንደ ሁልጊዜው ጀርባውን ሊሰጥ ብሎ፣ አለመንቀሳቀሱን አይቶ ተወው።

«ምነው?» አለ ዘበኛው። «ጎማህ ጠፋብህ?»

«አንድ ነገር ልነግርህ ነው።»

«ዐሥራ አንድ ዓመት ቆይቶ? እንግዲያው ሞልቶብህ ነው የመጣኸው፤ ንገረኝ።»

ነገረው፤ ጆንያውን፣ ሦስቱን ግማሽ ጨረቃ፣ ስድስቱን እርምጃ። ዘበኛው ሳያቋርጠው አዳመጠ። ከዚያም «ማሳው የማን ነው?» አለ።

«የእህቴ።»

ዘበኛው ሳቀ። የሰውን ሳቅ አይመስልም ነበር፤ ደረቅ ሳል የመሰለ ነገር ነው።

«እንዲያ በለኝ! ለእህትህ ሲሆን ከሞተርህ ወረድክ!»

ለኪው ጫማውን አየ።

«አንድ ነገር እኔም ልንገርህ» አለ ዘበኛው። «የዚያን ቀን ሚስቴ ‹ሣር ነው በለው› ብላኝ ነበር። ገና ቡቃያ ነው፤ ሣር ብልህ ታልፈኝ ነበር። እኔ ግን ‹ሰውየው ቀጥተኛ ነው፤ እውነቱን ብነግረው ይገባዋል› አልኳት። ገባህ? አንተን አምኜ ነው እንጂ ዋሽቼ ቢሆን ኖሮ ዛሬ መሬቴ ላይ ነበርኩ። ደግሞ መሬቴ ላይ ነኝ፤ እየው።» በእግሩ ሲሚንቶውን መታ።

«ይቅርታ አድርግልኝ።»

«ይቅርታህን የት ልትከላት? እዚህ ምንም አይበቅልም።» ከውስጥ የጭነት መኪና ጥሩምባ ሰማና ተነሣ። የበሩን ብረት እየሳበ ሳይዞር ጠየቀው፦ «ለእህትህ ምን ልትጽፍ ነው? ሣር?»

«አላውቅም።»

«ሠላሳ ዓመት የጻፈ ሰው አላውቅም ይላል!» አለ ዘበኛው። «በል ዞር በል፤ መኪናው ያቦንንሃል።»

መኪናው አለፈ። የዱቄት ብናኝ በለኪው ጫማ ላይ፣ ሁለት ጊዜ በታሰረው ክር ላይ ተቀመጠ።

ከሰዓት በኋላ እህቱ ጽሕፈት ቤቱ ድረስ መጣች። ስትፈራ የማታውቅ ሴት፣ በተገልጋይ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ሰዎች እስኪወጡ ጠበቀች። ከዚያም በሹክሹክታ «ጻፍክ?» አለችው።

«አልጻፍኩም።»

«ሣር ብለህ ነው የምትጽፈው?»

«አይደለም፣ እትዬ።»

ፊቷ ላይ የወረደውን ነገር ከዚያ በፊት ያየው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ ባሏ የተኛበት የሆስፒታል አልጋ አጠገብ። ሊያስረዳት አፉን ከፈተ፤ መሬቷን የማያሳጣ ሌላ መንገድ እንዳለ ሊነግራት ፈለገ። ግን የራሱን ልብ ገና አላመነም ነበር፤ ነግሯት ዓርብ ላይ ሐሳቡን ቢቀይርስ? እሷ ቃሉን አልጠበቀችም። ተነሥታ ነጠላዋን አስተካከለች።

«አባባ ዘር መንገድ ላይ አይጣልም ነበር ያሉት» አለች። «እህት ትጣላለች ብለው ነግረውህ ከሆነ እኔ አልሰማሁም።»

ዓርብ ጠዋት፣ ሚስቱ ከመነሣቷ በፊት ሻዩን ራሱ አፈላና አንድ ኩባያ የስፌት መኪናው ጠርዝ ላይ አስቀመጠላት። «ስሜን ልጽፍ ነው» አላት ስትመጣ። ሻዩን አየችው፤ እሱን አላየችውም። መርገጫው ላይ እግሯን አሳረፈችና መስፋት ጀመረች። ከበረንዳው ወርዶ መንገዱ ድረስ የመኪናዋ ድምፅ ሳይቋረጥ ተከተለው።

ከቢሮ አዲሷን ለኪ በሞተሩ ኋላ አፈናጦ ወደ ማሳው ይዟት ሄደ። ለምን እንደሚሄዱ አልነገራትም። ከመንገዱ ዳር ሞተሩን አጠፋ።

«ይኸው ነው» አለች ልጅቷ፤ «ከዚህ ይታያል እኮ።»

«ውረጂ።»

«ጋሼ፣ ጭቃ ነው።»

«ውረጂ።»

ጫማዋን እያየች ወረደች፤ ገባች። እሱ መንገዱ ላይ ቀረ። ስድስት እርምጃ ስትራመድ ቆጠረላት። ቆመች። ወዲያ ዞረች፣ ወዲህ ዞረች፤ ቁጭ አለች፤ በጣቷ አየር ላይ ቅርጽ ሣለች። ከእህቱ ቤት በር ላይ አንዲት ሴት ቆማ ወደዚህ እያየች ነበር፤ ከዚያ ርቀት ፊቷ አይለይም።

«ጋሼ!» ጮኸች ልጅቷ። «ይሄ የተዘራ አይመስልም። ዘሪ እንዲህ አያደርግም፤ ግማሽ ጨረቃ ሆኗል። የፈሰሰ ነው!»

«ፈሰሰ የሚል ምክንያት ተቀባይነት የለውም።»

«ማን ነው እንዲህ ያለው?»

«እኔ ነኝ ያልኩት። ከራስጌዬ ተሰቅሎ አላነበብሽውም?»

ልጅቷ ከተቀመጠችበት ቀና ብላ አየችው። በሰባት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ተማሪ አልነበረም አስተያየቷ። «ታዲያ ምን ብለን እንጻፍ?» አለች በቀስታ።

«ያየሽውን። በመመሪያው የተዘራ ነው፤ ያራገፈውም እጅ አለ። ቅጹን አምጪ።»

ቅጹን በሞተሩ ወንበር ላይ ዘርግቶ ጎንበስ አለ። የማሳውን ስፋት በሜትርና በሳንቲሜትር ሞላ፤ «የተዘራ» የሚለውን አከበበ። «የዘሪው ስም» ከሚለው ፊት የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም በሙሉ ጻፈ። በኅዳጉ ላይ «ለባለይዞታዋ ወንድም ነው፤ ስለዚህ ይህንን ቅጽ ማረጋገጥ አይችልም፤ ገንዘቡ ከጡረታው ይታሰብ» ብሎ ጨመረና ፊርማውን ለልጅቷ ተወላት። እስክሪብቶዋ ለረጅም ጊዜ ከወረቀቱ በላይ ቆመ፤ በመጨረሻ ፈረመች።

ቢሮ ሲመለሱ መስታወቱን ከግድግዳው አወረደ፤ ምስማሩን ግን አልነቀለውም። ከመጋዘኑ የዐሥራ አንድ ዓመቱን ፋይል አስወጣ። ፋይሉ ቢከፈትም ለዘበኛው መሬት እንደማይመለስለት፣ ሰውየውም በሩን ሲከፍት ጀርባውን መስጠቱን እንደማይተው ያውቃል። ኃላፊው ወረቀቱን ሲያነብ ምን እንደሚል፣ የቀሩትን ስምንት ወራት በዚያ ጠረጴዛ ላይ መጨረስ አለመጨረሱንም አላወቀም። ንጹሕ ወረቀት አንሥቶ፣ ቀኑን ጽፎ፣ «ጉዳዩ፦ ስለ ተሳሳተ ምስክርነቴ» ከሚለው ሥር፣ «ማሳውን ያየሁት ከሞተር ሳልወርድ ነው» ብሎ ጀመረ።